የአባባ ይማም ግማሽ ኪኒን

ቀረብ ቀረብ በሉ። ነገሩ ረጅም ነው፣ የኔ ትንፋሽ ደግሞ አጭር ነው። መሃል ላይ ያቋረጠኝ ሰው ካለ ከመጀመሪያው ነው የምጀምርለት፣ ያን ጊዜ እንዳያማርረኝ። የቸኮለ ካለ ከአሁኑ ይሂድ፣ አልቀየምም።

ደሴ ላይ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ አባባ ይማም የሚባሉ አዛውንት አሉ። ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሰፍተው፣ ልጆች አሳድገው፣ በስተርጅና ልባቸው ደከመ። ሐኪሙ በቀን ግማሽ ኪኒን አዘዘላቸው። ደም የሚያቀጥን ኪኒን ነው፣ ከአሱር ሶላት በኋላ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ የሚዋጥ። ሐኪሙ ልጃቸውን ዘምዘምን አስቀምጦ እንዲህ አላት፦ «በቀን ሁለት ጊዜ ከወሰዱ ይደማሉ። ከዘለሉ ደግሞ ደማቸው ይረጋል። ሁለቱንም የሳቸው ልብ አይችለውም።» ይሄ ሐኪም ሰው ማረጋጋት የሚባል ነገር አልተማረም። ዘምዘም ከዚያ ቀን ጀምሮ በሕልሟም የምታየው የኪኒን ሣጥን ሆነ።

ሐኪሙ ግን አልዋሸም። ባለፈው ክረምት ዘምዘም ግማሿን ትሰጣቸዋለች፣ የወንድሟ ሚስት ሰሚራ ሳታውቅ ሌላ ግማሽ ትደግማቸዋለች። አባባ ሲጠየቁ «አልዋጥኩም» ነው የሚሉት፣ እየረሱት። እንዲህ እንዲህ ሲባል ሰነበተና አንድ ቀን ነሰራቸው፣ ደሙም አልቆም ብሎ ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኙ። ከዚያ በኋላ ነው የዘምዘም ታናሽ ወንድም ከማል በሦስት ስልክ ላይ አፕ የጫነው፤ በራሱ፣ በሚስቱና በእህቱ። የቤተሰቡ ሕመምና መድኃኒት በሙሉ እዚያ ላይ ይጻፋል። ኪኒን የሰጠ ሰው አፑን ይነካል፣ አረንጓዴ ክብ ይወጣል። ካልተሰጠ ክቡ ቀይ ነው። ደንብም ወጣ፤ አፑን ሳያይ ማንም እንዳይሰጥ።

እንግዲህ በዚያን ቀን ዘምዘም ከገበያ ስትገባ አባባ ይማም አሱርን ሰግደው ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። «ዘምዘም፣ ኪኒኔን ስጪኝ» አሉ። ይቺኑ ብቻ ነው የፈለጉት፤ ግማሽ ኪኒን ከአንድ ብርጭቆ ውሃ ጋር። ሌላ ምንም አልጠየቁም።

ዘምዘም ሣጥኑን ከፈተች። ትናንት ከሰጠቻቸው በኋላ አስር ግማሽ ቀርቶ ነበር፣ ራሷ ቆጥራለች። አሁን ስትቆጥር ዘጠኝ ሆነ። ደገመች፣ ዘጠኝ። መዳፏ ላይ ገልብጣ አንድ በአንድ ቆጠረች፣ ያው ዘጠኝ።

«አባባ፣ ውጠዋል እንዴ?»

«አልዋጥኩም።»

«ታዲያ አንዷ የት ሄደች?»

አባባ ይማም ቀና ብለው የጣሪያውን ቆርቆሮ አዩ። አላውቅም አላሉ፣ አውቃለሁ አላሉ። «አልዋጥኩም አልኩሽ እኮ። ስጪኝ» ብቻ አሉ።

በክረምቱም እንዲሁ ነበር ያሉት፣ እንዲሁ በዚሁ ድምፅ። በዚያ ላይ ሰሚራ ቀትር ላይ መጥታ ምሳ አብልታቸው ነው ወደ ሐርቡ ወደ ቤተሰቦቿ የሄደችው። ሰጥታቸው ይሆን? ዘምዘም ደወለች፣ የሰሚራ ስልክ አይሠራም። ሆስፒታል ደወለች፣ አንዲት ነርስ አንስታ «በግምት እንዳትሰጪ፣ አጣሪ» አለቻት። ማጣራትስ በምን? በአፑ ነዋ። አፑ ካልተናገረ ዘምዘም አትሰጥም፤ ዘምዘም ካልሰጠች አባባ አይውጡም፤ ፀሐይዋ ደግሞ ወደ ጦሳ ትወርዳለች።

ዘምዘም ስልኳን አወጣች። ሰፈሩ ከጧት ጀምሮ መብራት የለውም፣ ስልኩም ቀትር ላይ ባትሪ ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። ገበያ ውስጥ በአንዲት ባልንጀራዋ ፓወር ባንክ ትንሽ አስሞልታ አበራችው። አፑን ስትነካው ይሄ ሰው የሚረሳ ነገር፣ «ማን ነሽ?» ይላታል። ከክረምቱ ጀምሮ አብረውት ኖረው ማን ነሽ። ወደ ከማል ቁጥር ስድስት አኃዝ ያለው ኮድ ልኬያለሁ፣ እሱን አስገቢ አላት። የቤተሰቡን ስም ያስመዘገበው ከማል ነዋ፣ ኮዱም የሚሄደው ወደሱ ነው። ደወለችለት፣ ዝግ ነው። ኮዱ ካልመጣ አፑ አይናገርም፤ አፑ ካልተናገረ ዘምዘም አትሰጥም፤ ዘምዘም ካልሰጠች አባባ አይውጡም፤ ፀሐይዋ ደግሞ ወደ ጦሳ ትወርዳለች።

ሣጥኑን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ዚፑን ዘጋች።

«አባባ፣ ከዚህ ንቅንቅ እንዳይሉ። ምንም ነገር እንዳይውጡ።»

«ምን እውጣለሁ፣ ሣጥኑን ይዘሽብኝ እየሄድሽ» አሉ አባባ፣ ቅር ብሏቸው።

ከማል ግድግዳ ለሳኝ ነው። ሁለት መንደር አልፎ በሚሠራ ቤት ላይ፣ እንጨት ርብራብ ላይ ቆሞ፣ እስከ ክርኑ ሲሚንቶ ሆኖ አገኘችው። «ከማል፣ ስልክህን ስጠኝ» አለችው ከታች ሆና። «ኮዱ ካልመጣ አፑ አይናገርም፣ አፑ ካልተናገረ እኔ አልሰጥም፣ እኔ ካልሰጠሁ አባባ አይውጡም። ከሣጥኑ አንድ ጎድሏል።»

የከማል የልስን ማንኪያ ከእጁ ወደቀ። «ውጠው ነው?»

«አላውቅማ። ሰሚራ ሰጥታቸው እንደሆነ አንተ ታውቃለህ?»

«እኔ ከጧት ጀምሮ እዚህ ነኝ፣ በምን አውቃለሁ? ስልኬ ደግሞ ኑሩ ጋ ነው፣ ጥገና ቤት። ሲሟ የምትገባበት ነገር ውስጡ ተሰብሮ ሲሟ ተቀርቅራ አልወጣ አለች።»

እዩልኝ። ካልጠፋ ቀን ዛሬ። ዘምዘም ዐይኗ እንባ ሞላ፣ ማልቀሻ ጊዜ ግን የለም። «አንተ አሁኑኑ ቤት ሂድ፣ አጠገባቸው ተቀመጥ። አፍንጫቸውን እያየህ» አለችው። ሲሟ ካልወጣች ኮዱ አይመጣም፤ ኮዱ ካልመጣ አፑ አይናገርም፤ አፑ ካልተናገረ ዘምዘም አትሰጥም፤ ዘምዘም ካልሰጠች አባባ አይውጡም፤ ፀሐይዋ ደግሞ ወደ ጦሳ ትወርዳለች።

ኑሩ የስልክ ጠጋኙ ደጁ ላይ በርጩማ አውጥቶ ተቀምጧል። ሥራ የለውም፣ መብራት የለማ። ዘምዘም እያለከለከች ደረሰችና «የከማልን ሲም አውጣልኝ» አለችው። «ሲሟ ካልወጣች ኮዱ አይመጣም፣ ኮዱ ካልመጣ አፑ አይናገርም፣ አፑ ካልተናገረ እኔ አልሰጥም፣ እኔ ካልሰጠሁ አባቴ አይውጡም።»

ኑሩ የተበታተነውን ስልክ አመጣና አሳያት። ሲሟ ጫፏ ብቻ ይታያል። «እህቴ፣ በማሞቂያው ሳላላላው በመርፌ ብፈነቅላት ለሁለት ትሰበራለች። ከዚያ በኋላ ኮድም የለ ምንም የለ። መብራት ካለ አምስት ደቂቃ ነው።»

«መብራት ያለበት ቦታ ወስደህ ብትሠራውስ?»

«የት? ከፒያሳ እስከ ሸዋበር ድርግም እንዳለ ነው።»

መብራት ከሌለ ሲሟ አትወጣም፤ ሲሟ ካልወጣች ኮዱ አይመጣም፤ ኮዱ ካልመጣ አፑ አይናገርም፤ አፑ ካልተናገረ ዘምዘም አትሰጥም፤ ዘምዘም ካልሰጠች አባባ አይውጡም፤ ፀሐይዋ ደግሞ ወደ ጦሳ ትወርዳለች። እናንተ ሰልችቷችሁ ይሆናል። እሷ ግን በየእርምጃዋ ይህንኑ ነው በሆዷ የምትደግመው፣ አንድ ቀለበት ከጣልኩ አባቴን እጥላለሁ ብላ።

ከኑሩ ጎን ጭማቂ ቤት አለ፣ የእትዬ ዘይነባ። ከመንገዱ ሁሉ ጄኔሬተር ያላቸው እሳቸው ብቻ ናቸው። ዘምዘም ገባች። እትዬ ዘይነባ አቮካዶ እያገላበጡ፣ የጠቆረውን እየለዩ ለብቻቸው ያጉረመርማሉ። ጄኔሬተሩ ከኋላ ዝም ብሎ ተቀምጧል።

«እትዬ ዘይነባ፣ ጄኔሬተሩን ለአምስት ደቂቃ ብቻ ያስነሱልኝ። ካልተነሳ መብራት የለም፣ መብራት ከሌለ ሲሟ አትወጣም፣ ሲሟ ካልወጣች ኮዱ አይመጣም፣ ኮዱ ካልመጣ አፑ አይናገርም፣ አፑ ካልተናገረ እኔ አልሰጥም፣ እኔ ካልሰጠሁ አባቴ አይውጡም።»

«ቀስ በይ ልጄ፣ ተንፍሺ። የይማም ልጅ አይደለሽም?» እትዬ ዘይነባ ቢላዋውን አስቀመጡ። «እኔ ለይማም ጄኔሬተር ልከለክል? የኒካሄን ልብስ የሰፉልኝ እኮ አባትሽ ናቸው። ግን ቤንዚን ጨርሷል። ጠብታ የለውም፣ ከፈለግሽ ገልብጠሽ እዪው። ጋሽ ዳምጤ ጋ ሂጂ፣ ባለ ቮልሱ። ባለፈው ሳምንት ለሠርግ ሊያወጣት ብሎ ቤንዚን ሞልቶባት አልነሳ ብላዋለች።»

ዘምዘም እግሬ አውጪኝ አለች። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ስልኳ ጮኸ። ከማል ነው፣ በአባባ ባለ ቁልፍ ስልክ።

«ዘሙ፣ አባባ ራሴን አዞረኝ እያሉ ነው።»

«አፍንጫቸውስ?»

«አፍንጫቸው ደህና ነው። ግን ፊታቸው ገርጥቷል። ምን ላድርግ? ከሣጥኑ አንዷን አምጪልኝና ልስጣቸው?»

«እንዳትሰጥ። ሰሚራ ሰጥታቸው ከሆነስ?»

«ባትሰጣቸውስ?»

ዘምዘም ከሰጠች ልትገድላቸው ነው፣ ከከለከለች ልትገድላቸው ነው፣ ኪኒኑ ደግሞ ብብቷ ሥር ነው ያለው። እስቲ እንዲህ ያለ ጭንቅ አስቡት። ቤንዚኑ ካልተቀዳ ጄኔሬተሩ አይነሳም፤ ጄኔሬተሩ ካልተነሳ መብራት የለም፤ መብራት ከሌለ ሲሟ አትወጣም፤ ሲሟ ካልወጣች ኮዱ አይመጣም፤ ኮዱ ካልመጣ አፑ አይናገርም፤ አፑ ካልተናገረ ዘምዘም አትሰጥም፤ ዘምዘም ካልሰጠች አባባ አይውጡም፤ ፀሐይዋ ደግሞ ወደ ጦሳ ትወርዳለች።

ጋሽ ዳምጤ ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ ነጭ ቮልሳቸውን በጨርቅ ሲወለውሉ አገኘቻቸው። የማትሄድ መኪና እንደሷ ስትብለጨለጭ አይቼ አላውቅም። ዘምዘም በአንድ ትንፋሽ ቤንዚን፣ ጄኔሬተር፣ መብራት፣ ሲም፣ ኮድ፣ አፕ፣ አባቴ አለቻቸው። ጋሽ ዳምጤ ከመጨረሻው በቀር አንዱም አልገባቸውም። አባቴ የሚለው ግን በቃቸው፣ ጨርቁን ጥለው ጎማ ቱቦ ይዘው መጡ።

«በምን ልቅዳልሽ?»

ዘምዘም ከቦርሳዋ የውሃ ላስቲክ ጠርሙስ አወጣች። ጋሽ ዳምጤ ላስቲኩን አይተው ቱቦውን ወደ ኋላቸው ደበቁ።

«በዚህ አልቀዳም። አርባ ዓመት መኪና ነድቻለሁ፣ በላስቲክ ቤንዚን ይዞ ሲሮጥ የተቃጠለ ሰው በዐይኔ አይቻለሁ። አባትሽን አድናለሁ ብዬ አንቺን ላቃጥል? የራሴ ጀሪካን አለኝ፣ ጠንካራ፣ ክዳኑ ቀይ። እሱን አምጪና ወዲያው እቀዳልሻለሁ።»

«የት ነው ያለው?»

«ሉባባ ወስዳዋለች፣ ላምባ ልትገዛበት። ጎረቤታችሁ ሉባባ።»

ዘምዘም ክው ብላ ቀረች። እትዬ ሉባባ ማለት ከአባባ ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋሩ ሴትዮ ናቸው። አንዱ ቤት ሲያስነጥሱ ሌላው ቤት «ይማርዎ» ይባላል። ደሴን ዞራ ዞራ፣ ዳገት ወጥታ ቁልቁለት ወርዳ፣ ወደ ተነሳችበት ደጃፍ ልትመለስ ነው። ጀሪካኑ ካልመጣ ቤንዚኑ አይቀዳም፤ ቤንዚኑ ካልተቀዳ ጄኔሬተሩ አይነሳም፤ ጄኔሬተሩ ካልተነሳ መብራት የለም፤ መብራት ከሌለ ሲሟ አትወጣም፤ ሲሟ ካልወጣች ኮዱ አይመጣም፤ ኮዱ ካልመጣ አፑ አይናገርም፤ አፑ ካልተናገረ ዘምዘም አትሰጥም፤ ዘምዘም ካልሰጠች አባባ አይውጡም፤ ፀሐይዋም ከጦሳ አናት አንድ ክንድ ነው የቀራት።

ቁልቁለቱን ነጠላ ጫማዋን በእጇ ይዛ ወረደችው። በራሳቸው ደጃፍ ስታልፍ አባባ አጎንብሰው ጭንቅላታቸውን በእጃቸው ይዘዋል፣ ከማል ከፊታቸው ተንበርክኮ አፍንጫ አፍንጫቸውን ያያል። ቀና ብሎ «መጣ?» አላት። «ሊመጣ ነው» አለችና አለፈች። ምኑ ሊመጣ እንደሆነ እሷም አታውቅም።

የእትዬ ሉባባን በር ገፋ ስታደርገው ተከፈተ። ቤቱ ጨለምለም ብሏል፣ ድንች ላምባ ምድጃ ላይ ይንተከተካል። እትዬ ሉባባ ግንባራቸውን በሻሽ ጠፍረው ፍራሽ ላይ ጋደም ብለዋል።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እትዬ ሉባባ። የጋሽ ዳምጤን ጀሪካን ይስጡኝ፣ በአላህ።»

«ወአለይኩም ሰላም። ምነው ልጄ፣ ማን ያባርርሻል?»

«ጀሪካኑ ካልመጣ ቤንዚኑ አይቀዳም…» ብላ ጀመረች፣ ትንፋሽ አጠራትና ተወችው። «ጓዳ ከሆነ ልግባና ላምጣው።»

«ላምባ ሞልቶበታል እኮ። መገልበጫውንም እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት፣ በጨለማ አታገኚውም። ቆይ እኔ ልነሳ።» እትዬ ሉባባ በአንድ እጃቸው ግድግዳውን ደግፈው ብድግ አሉ፣ ወዲያው ተመልሰው ቁጭ አሉ። «አልቻልኩም። ራሴ ሊፈነዳ ነው። ይቺን ኪኒኔን ብውጥ እነሳ ነበር። ባዶ ሆድ አይዋጥም ስላሉኝ፣ እስካሁን መነሳት አቅቶኝ ቆይቼ አሁን የጣድኩትን ድንች እየጠበቅሁ ነው።»

ይኸውላችሁ ሌላ ደግሞ። ድንቹ ካልበሰለ ኪኒኑ አይዋጥም፤ ኪኒኑ ካልተዋጠ እትዬ ሉባባ አይነሱም፤ እትዬ ሉባባ ካልተነሱ ጀሪካኑ አይመጣም፤ ጀሪካኑ ካልመጣ ቤንዚኑ አይቀዳም፤ ቤንዚኑ ካልተቀዳ ጄኔሬተሩ አይነሳም፤ ጄኔሬተሩ ካልተነሳ መብራት የለም፤ መብራት ከሌለ ሲሟ አትወጣም፤ ሲሟ ካልወጣች ኮዱ አይመጣም፤ ኮዱ ካልመጣ አፑ አይናገርም፤ አፑ ካልተናገረ ዘምዘም አትሰጥም፤ ዘምዘም ካልሰጠች አባባ አይውጡም፤ ፀሐይዋም ጦሳን ልትነካ ነው። እኔም ደከመኝ፣ እሷ ምን ይሰማት።

ዘምዘም ድንች እስኪበስል የምትጠብቅበት ሆድ አልነበራትም። ድስቱን ከፈተች፣ ከላይ ያለውን ድንች በሹካ ወግታ አወጣች፣ እፍ እፍ ብላ አቀዘቀዘችና በእትዬ ሉባባ እጅ ላይ አደረገችው። «ይቺን ይቅመሱና አሁኑኑ ይዋጡት» አለች። ከእንስራው ውሃ ቀዳች። ብርጭቆውን ራሷ አቀበለቻቸው። አዎ፣ በገዛ እጇ።

እትዬ ሉባባ ድንቹን ሁለቴ ጎርሰው የሻሻቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈቱ። ውስጡ የተጠቀለለ ወረቀት አለ። ወረቀቱን ዘረጉ። ግማሽ ኪኒን፣ ነጭ፣ የተቆረጠበት በኩል ጠመም ያለ። አንስተው ወደ አፋቸው ወሰዱት።

ዘምዘም ያቺን ጠማማ ታውቃታለች። በየአርቡ ኪኒኑን በምላጭ ለሁለት የምትከፍለው እሷ ናት፣ እጇ ስለሚንቀጠቀጥ አንድም ቀን ቀጥ ብሎ ተቆርጦላት አያውቅም። የሴትዮዋን እጅ ከከንፈራቸው ላይ ቀለበችው። ብርጭቆው ወድቆ ተሰበረ።

«እትዬ ሉባባ፣ ይሄ ከየት መጣ?»

እትዬ ሉባባ ደነገጡ፣ ከዚያ አፈሩ። «አባትሽን እንዳትቆጪያቸው፣ እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ። የደም ግፊት ኪኒኔ አልቆ ጤና ጣቢያ ብሄድ እነሱም ዘንድ የለም፣ ሳምንት ተመለሺ አሉኝ። ዛሬ ቀትር ላይ ራሴን ሲነድለኝ ሳቃስት በግድግዳው ሰሙኝ። የሰሚራን መሄድ ጠብቀው መጡና ‹እንቺ፣ ያንቺም የልብ የኔም የልብ፣ የሚያየንም አንድ ሐኪም ነው› ብለው ሰጡኝ። ጎረቤት ጨው ይዋዋስ የለ፣ ምን አለበት ብዬ ተቀበልኩ።»

ዘምዘም ሣጥኑን ከቦርሳዋ አውጥታ ከፈተች። ዘጠኝ። በእጇ ያለችውን ጨመረችባት። አስር። አባባ አልዋጡም፣ ሰሚራም አልሰጠቻቸውም።

አሁን ስሙኝ፣ ሰንሰለቱ ሲበጠስ እንዲህ ነው የሚበጠሰው። ጀሪካኑ ጓዳው ውስጥ ቀረ፤ ቤንዚኑ ቮልሷ ውስጥ ቀረ፤ ጄኔሬተሩ ዝም እንዳለ ቀረ፤ መብራቱ እንደጠፋ ቀረ፤ ሲሟ እንደተቀረቀረች ቀረች፤ ኮዱ ሳይመጣ ቀረ፤ አፑ ሳይናገር ቀረ፤ ዘምዘም ሰጠች፤ አባባ ዋጡ፤ ከዚያ በኋላ ነው ፀሐይዋ ጦሳን ያለፈችው።

አባባ ብርጭቆውን አስቀምጠው «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ፀሐይ ላይ መቀመጥ ያመጣው የራስ ማዞርም ቀስ ብሎ ለቀቃቸው። ዘምዘም እግራቸው ሥር መሬት ላይ ቁጭ አለችና ስታለቅስ ቆየች። ሲወጣላት ተነስታ ተቆጣች።

«ለምን አልነገሩኝም? አንድ ቃል ነበር እኮ። ለሉባባ ሰጠኋት ቢሉኝ ምን ነበረበት? ሊሞቱብኝ ነበር።»

«የሰጠሁትን ልናገር?» አባባ ይማም ከልባቸው ገረማቸው። «ሰደቃ ሰጥቶ ሰጠሁ ይባላል እንዴ? ደግሞ ሴትዮዋ ለሰው እንዳይነግሩብኝ ብላኛለች። አልዋጥኩም አልኩሽ፣ እውነቴን ነበር።»

«እሺ እርስዎስ ይሁን። እትዬ ሉባባስ? የሳቸው ሌላ ሕመም ነው። ይሄ ኪኒን ለሳቸው አይደለም፣ አባባ። አፋቸው ደርሶ ነው እጃቸውን የያዝኩት። ውሃውን ያቀበልኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ።»

ለአባባ ይማም እስካሁን ያልገባቸው ይሄ ነበር። ምርኩዛቸውን ፈለጉ፣ ከማል አቀበላቸው። የግድግዳውን ሥር ይዘው ወደ እትዬ ሉባባ ደጃፍ ሄዱና «ሉባባ፣ መርዝ ሰጥቼሽ ነበር፣ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አሉ። እትዬ ሉባባም ከውስጥ ሆነው «አልዋጥኩትም እኮ፣ ይግቡ» አሉ። ሁለቱም ሲያለቅሱ ሰፈሩ ሰማ፣ ግድግዳው እንደሆነ ስስ ነው።

ከማል በዚያው እትዬ ሉባባን ባጃጅ ላይ አሳፍሮ ክሊኒክ ወሰዳቸው። ግፊታቸው ተለካ፣ የራሳቸው ኪኒን ተገኘላቸው፣ ራሳቸውም ማታውኑ ቀለል አላቸው። መብራቱም፣ የማይፈለግበትን ሰዓት ጠብቆ፣ በማግስቱ ረፋድ ላይ መጣ። ኑሩ ሲሟን በአምስት ደቂቃ አወጣት፣ ከማል ስድስቱን ቁጥር ላከ፣ አፑ ተከፈተ። ዘምዘም አየችው። የትናንቱ ክብ ቀይ ነበር፣ አልተሰጠም የሚል። ይሄን ያህል ብቻ ነው የሚያውቀው። አንዷ ግማሽ የት እንደሄደች ቢጠየቅ አያውቅም፣ ያልነገሩትን ከየት ያምጣ።

ዘምዘም ቀዩን ነክታ አረንጓዴ አደረገችው። ከዚያ ታች ወረደችና «የቤተሰብ አባል ጨምር» የሚለውን ተጫነች። ስም ሲላት ሉባባ ብላ ጻፈች። ሕመም ሲላት የደም ግፊት ብላ ጻፈች። መድኃኒቱንና ሰዓቱን ሞላች። ዝምድና ሲላት ግን ቆመች። አባት፣ እናት፣ ባል፣ ሚስት፣ እህት፣ ወንድም፣ ልጅ ይላል። ጎረቤት የሚል የለውም። የዘምዘም እናት ከሞቱ ስድስት ዓመታቸው ነው፣ እናት የሚለው ቦታ ላይ ማንም ተጽፎ አያውቅም። ትንሽ አሰበችና እናት የሚለውን ነካች።

አሁን ስልኩ በቀን ሁለት ጊዜ ይጮሃል፤ ጧት ለእትዬ ሉባባ፣ ከአሱር በኋላ ለአባባ ይማም። እኔ የሰማሁት ይሄን ነው። በሉ ተነሱ፣ ወደየቤታችሁ ግቡ፣ የታዘዘላችሁን ዋጡ፣ የራሳችሁን ብቻ።